ሐኪሟ ብዙ አወራች፣ አንቺ አሳጠርሽው

ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ይበርድልኛል ብዬ ከዓመት በላይ ጠበቅኩ፤ አልበረደልኝም። እንዲያውም እዚህ ሰፈራችን መካኒሳ፣ የታመመ ሰው ቤት በር ላይ ቆመው የሚንሾካሾኩ ዘመዶች ባየሁ ቁጥር ይብስብኛል። ስለዚህ እንደተናደድኩ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ረድኤት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት መካኒሳ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ውጤቴ ግን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፣ አፌም አያርፍም። ጎፋ አንድ ልብስ ቤት ተቀጥሬ ለአንዲት ደንበኛ «ይሄ ቀሚስ አያምርብሽም» ስላልኩ በሦስተኛው ሳምንት ተባረርኩ። ያን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ከባንኮክ ልብስ እያመጣች ትሸጥ ነበር። ሻንጣ የሚያግዛት ፈልጋ ይዛኝ ሄደች። እሷ በአሥር ቀኗ ተመለሰች። እኔ ቀረሁ።

ባንኮክ ኖሬያለሁ ስል ሰው የባሕር ዳርቻና ሆቴል ይመስለዋል። የኔ ባንኮክ ሊፍት በሌለው ፎቅ አራተኛው ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ጠዋት ታጥቤ ወጥቼ መንገዱ ጫፍ ሳልደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይለጠፋል። አከራዬ ፒ ኖይ ፎቁ ሥር ቁጭ ብላ ጥሬ ፓፓያ ከቃሪያ ጋር እየወቀጠች ትሸጣለች። «ፒ» ማለት እንደኛው «እትዬ» ነው። ሽሮ የሠራሁ ቀን ጎረቤቶቼ ምን ተቃጠለ ብለው በሬን ያንኳኳሉ። በጾም ደግሞ የዓሣ መረቅ ያልነካው ምግብ ፍለጋ ሦስት ሰፈር አቋርጣለሁ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሞተረኞች ጀርባ ላይ ተፈናጥጬ በመኪና መሃል ስሹለከለክ፣ እናቴ በሕይወት ኖራ ብታየኝ እላለሁ። ቪዛዬ ሊያልቅ ሲል ድንበር ወጥቼ እመለሳለሁ። ቋንቋውን ከገበያ ለቀምኩት፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ሳላፍር እየተሳሳትኩ አቀናሁት።

እንጀራዬ ማስተርጎም ነበር። ከአዲስ አበባ ለሕክምና ባንኮክ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች የራሳቸው አስተርጓሚ አላቸው። አነስ ወዳሉት የሚሄድ ቤተሰብ ግን እንደኔ ዓይነቷን ይፈልጋል። ከኤርፖርት እቀበላለሁ፣ ማረፊያ እፈልጋለሁ፣ ሐኪም ፊት ቆሜ አስተረጉማለሁ። በዚህ ሥራ ሁለት ዓመት ስቆይ ዛሬም ድረስ የማፍርበትን ነገር ለመድኩ። ማሳጠር ለመድኩ።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ሐኪሙ «ካንሰር ነው» ይላል። ልጅየው ክንዴን ቆንጠጥ ያደርገኛል። እኔ ወደ ታማሚዋ ዞሬ «ትንሽ እጢ ናት አሉ፣ እማማ» እላለሁ። ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት፣ ቤት የሠራች፣ ስንቱን ያስታረቀች ሴት፣ ስለ ገዛ አካሏ ሲሆን ሕፃን ትደረጋለች። «ልቧ እንዳይሰበር» ይሉኛል። ሁሉም ይቺኑ ነው የሚሉኝ። ሻንጣው ከመኪና ሳይወርድ ይሉኛል። እኔም እሺ እላለሁ። ያቺ ቀሚስ አያምርብሽም ያለች አፈኛ ልጅ እሺ ትላለች።

አንድ ቀን ሳምሶን የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ጎፋ ሴራሚክ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አባቱን ጉሮሯቸውን አሟቸው ሊያመጣቸው ነው፤ ቁጥሬን ያገኘው ከሰፈር ሰው ነው። ስማቸውን ሲነግረኝ «ድገምልኝ» አልኩት። ጋሽ ደጀኔ። የእድራችን ለፋፊ ጋሽ ደጀኔ!

እድርተኛ ሲሞት ማለዳ በየመንገዱ እየዞረ ጥሩምባ ነፍቶ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ የሚናገር ሰው ታውቃላችሁ። ዛሬ ብዙ ቦታ በስልክ መልእክት ተተክቷል። እኛ ሰፈር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋሽ ደጀኔ ነበሩ። ልጃቸው ሀብታም ከሆነ በኋላ እንኳ «ልጄ ሴራሚክ ሸጠ ብዬ ጥሩምባዬን ልጣል?» ብለው አሻፈረኝ ያሉ ሰው ናቸው።

እኔ ደግሞ ከዚያ ድምፅ ጋር የራሴ ጉዳይ አለኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ እናቴ ሆስፒታል ተኛች። «ትንሽ ደክሟት ነው» ተባልኩ። ጎረቤት ቤት አሳደሩኝ። ጠዋት ስነሳ ቤቱ በትልልቅ ሰዎች ተሞልቷል። ሻይ ቀዱልኝ፣ ዳቦ ቆርሰው ማር ቀቡልኝ፤ በአዘቦት ቀን ማር! አንዳቸውም ግን ዓይኔን አያዩም። ዳቦውን እንደጎረስኩ ጥሩምባው ከሩቅ ተነፋ፣ እየቀረበ መጣ፣ ከዚያ ያ ድምፅ፦ «የእድርተኛችን የአቶ መኮንን ባለቤት፣ ወይዘሮ አስቴር አርፈዋል!» ቤት ሙሉ ዘመድ ያልነገረኝን የነገረኝ እሱ ነው። ለዓመታት ያን ድምፅ ጠላሁት። ኋላ ዕድሜዬ ሲጨምር የጠላሁት ድምፁን እንዳልሆነ ገባኝ። ዳቦውን ነው።

ጋሽ ደጀኔ ኤርፖርት ሲደርሱ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ በዚያ ሙቀት ቀጥ ብለው እየተራመዱ ወጡ። ድምፃቸው ግን ሌላ ነበር። የተቀደደ ጨርቅ የሚጎተት ይመስላል።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የመኮንን። የአስቴር ልጅ።»

ትንሽ አሰቡ። «አስቴር… ሐምሌ ነበረች። ዝናብ ነበር። ሁለቴ ነው የዞርኩላት፣ ዝናቡ ድምፄን እየበላው።» ጉሮሯቸውን ያዝ አደረጉ። «ዘንድሮ ያለ ዝናብም አይሰማ። ድምፄን ይመልሱልኝ እንደሆን ብዬ ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

ሳምሶን ከኋላቸው ሻንጣውን እየገፋ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ያቺ «ልብ እንዳይሰበር» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር መጣች ማለት ነው።

ምርመራው አራት ቀን ፈጀ። ናሙና ተወሰደ፣ ፎቶ ተነሳ። ውጤቱን አስቀድሞ የሰማው ሳምሶን ነው። ኮሪደር ላይ ጎተት አድርጎ «እባጭ ነው፣ ይወጣል በያቸው። ሌላ ነገር እንዳታወሪ» አለኝ።

ሐኪሟ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ወረቀት ላይ ጉሮሮ ሥላ፣ በእስክሪብቶ እያሳየች፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረች። ካንሰሩ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። እሷ የምታምንበት ቦታውን በሙሉ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ አንገታቸው ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፤ በራሳቸው ድምፅ ግን መናገር አይችሉም። ሌላው መንገድ ጨረርና መድኃኒት ነው። ድምፃቸው ሊተርፍ ይችላል፣ በሽታው የደረሰበት ደረጃ ግን ያሰጋታል። «ሁለቱንም ንገሪያቸውና እሳቸው ይምረጡ» አለችኝ።

እኔ ወደ ጋሽ ደጀኔ ዞርኩ። «ጉሮሮዎ ላይ እባጭ አለ፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል ነው የሚሉት፣ ጋሼ።»

ይኸው ነው። ሩብ ሰዓቱ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። የስምምነት ቅጹን ሰጧቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው በዚያ በሚያምር የድሮ ጽሕፈት ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉና ፈረሙ። ልክ ስንወጣ ጠጋ ብለው፦

«ሐኪሟ ብዙ አወራች፣ አንቺ አሳጠርሽው።»

«እንግሊዝኛ ረጅም ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ረጅም ቋንቋ ነዋ!» ብለው ሳቁ። አመኑኝ።

ቀዶ ሕክምናው ለማግስቱ ጠዋት ተቀጠረ። ከሰዓት ሳምሶን ስልክ ላይ ተጥዶ ስለነበር ጋሽ ደጀኔ «ከተማውን አሳዪኝ፣ እግሬ ተሳሰረ» አሉኝ። በቦዩ በሚሄደው ጀልባ ወሰድኳቸው። ጀልባው ሲፈተለክ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። «ይሄ ታክሲ ረዳት የለውም? ማን ነው ‹ወራጅ አለ› የሚለው?» ይሉኛል። ከጀልባው ስንወርድ አንድ ቤተ መቅደስ አጠገብ አለፍን። ግቢው ውስጥ አዳራሽ አለ፤ አበባ በአበባ ሆኗል፣ ባለ ቀለም መብራት ይበራል፣ ወንበር ይደረደራል።

«ሠርግ ነው?»

«ለቅሶ ነው፣ ጋሼ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ሥራቸው ነውና አልፈው መሄድ አልቻሉም። ሬሳ ሣጥኑን፣ የሟቹን ፎቶ፣ የተሰቀሉትን ጉንጉኖች አንድ በአንድ አዩ። ከጉንጉኖቹ ግማሾቹ መሃላቸው ላይ ቬንትሌተር ታስሮባቸዋል።

«ይሄስ?»

«አበባው ብቻውን ይጠወልጋል ብለው ነው። በኋላ ቬንትሌተሩ ለቤተ መቅደሱ ይሰጣል።»

«ይሄን ለእድሩ እነግራለሁ። የኛ ድንኳን ውስጥ ሰው በሙቀት ሊያልቅ ነው።» ከዚያ ዞር አሉ። «ለመሆኑ ማን ለፈፈላቸው?»

ውሃ የምታድል አንዲት ሴት ጠየቅኩ። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ።

«በስልክ ነው የሚነገረው፣ ጋሼ።»

«በስልክ!» ተቆጡ። «ስልኩን የዘጋውስ? ስልክ የሌላት አሮጊትስ? ሰው ሞቶ በኪስ ውስጥ ጢጥ!»

አንድ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ ሥራቸውን ነገሩኝ። «ሟቹ በር ላይ አይጀመርም። ከሩቅ ጀምረሽ ነው የምትመጪው። ቤቱ ስትደርሺ ሰፈሩ ነቅቷል፣ ቤተሰቡ ብቻውን አይሆንም። ስም ከነአባት ትጠሪያለሽ። አርፈዋል ትያለሽ። ‹ደከም ብሏቸው› የለም፣ ‹ትንሽ አሟቸው› የለም። አንዴ አንድ ቤተሰብ ልጃችን ፈተና ላይ ናትና ሳምንት አትልፈፍ አሉኝ። ሬሳው ሳምንት ይቆያል? አልኳቸው። ካልቆየ እኔም አልቆይም!»

«ልጅቷ ግን ትደነግጣለች እኮ፣ ጋሼ።»

«ትደንግጣ! ሰው የገዛ ሐዘኑን ከሁሉም በኋላ ሊሰማ አይገባም። እኔ ደግ ሆኜ አይደለም የምጮኸው፣ ክፉም ሆኜ አይደለም። የሱ ስለሆነ ነው። የሱን ነገር ለሱ ማድረስ ነው።»

ከዚያ ወደኔ ዘንበል አሉ። «ቁስሉ ለመድረቅ አንድ ወር ይበቃዋል? ክረምት ሳይገባ ድምፄ ቢመለስ ደስ ይለኛል። ዝናብ ላይ ነው ጉልበት የሚጠይቀው።»

ምን አልኩ መሰላችሁ? «ነገ ሐኪሟን እንጠይቃታለን» አልኩ። ማር የተቀባውን ዳቦ አቀረብኩላቸው ማለት ነው።

ሆስፒታል አስተኝቻቸው ስወጣ ሳምሶንን ካፍቴሪያው አገኘሁት።

«ድምፃቸው የሚመለስ መስሏቸዋል። ንገራቸው።»

«አንቺ ምን አገባሽ? የምከፍልሽ ለማስተርጎም ነው።»

«እያስተረጎምኩ አይደለማ! እየዋሸሁልህ ነው!»

ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ እህቴ፣ እናቴን ነገርናት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። አባቴ ካወቀ እምቢ ይላል። እምቢ ካለ ይሞታል። እንዲሞትልሽ ነው የፈለግሽው?»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ፒ ኖይ ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ ነገርኳት። ፓፓያዋን እየወቀጠች «እኛም ለአባቴ አልነገርነውም» አለችና ፈገግ አለች። ሙቀጫዋን ብገለብጠው ደስ ባለኝ። ታዲያ የት አገር ነው ለታማሚው የሚነገረው?

ጠዋት ጋሽ ደጀኔ የሆስፒታሉን ጋዋን ለብሰው፣ የወረቀት ቆብ ራሳቸው ላይ ተደርጎላቸው፣ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳምሶን በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው። ሐኪሟ ቅጹን ይዛ መጣች፣ አጠገባቸው ቆመችና እኔን አየችኝ።

«ዛሬ ምን እንደሚደረግላቸው በራሳቸው አነጋገር ይንገሩኝ። ሳልሰማ አልገባም።»

ይሄን አስተረጎምኩ። ይሄኛውን ሳላሳጥር።

ጋሽ ደጀኔ ቀና አሉ። ለእድር ስብሰባ የሚናገሩ ይመስል። «ድምፄን የዘጋብኝን እባጭ ታወጡልኛላችሁ። ድምፄን ትመልሱልኛላችሁ። እግዜር ይስጣችሁ።»

ሐኪሟ የኔን አፍ ትጠብቃለች። ሳምሶን በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ረድኤት፣ ‹ገብቷቸዋል› በያትና ይለቅ» አለ።

አንዲት ቃል ናት። «ገብቷቸዋል» ብል አልጋው ይገፋል፣ በሩ ይዘጋል፣ እኔም ክፍያዬን ተቀብዬ እሄዳለሁ። እኚህ ሰው ሲነቁ «ምን አደረጋችሁኝ?» ብለው ለመጮህ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ አይወጣም። ይሄ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። መጠየቅ እንኳን አይችሉም!

ያሉትን በእንግሊዝኛ ቃል በቃል አልኩት። እባጩን። ድምፄን ትመልሱልኛላችሁን። እግዜር ይስጣችሁንም ጭምር።

ሐኪሟ ቅጹን አጠፈችው። ፊቷ ተለወጠ። «ትናንት የነገርኩሽን ነግረሻቸው ነበር?»

«አይ።»

«አሁን ንገሪያቸው።»

ሳምሶን «እንዳትሞክሪው!» አለ። ጋሽ ደጀኔ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። «ምንድን ነው?»

እሳቸው ትናንት እንዳስተማሩኝ ነገርኳቸው። ቆሜ፣ ቀጥ ብዬ። «ጋሽ ደጀኔ፣ በሽታው ካንሰር ነው። ዛሬ የሚወጣው እባጭ ብቻ አይደለም፣ ድምፅዎ የሚወጣበት ቦታ በሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ አንገትዎ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳሉ። በራስዎ ድምፅ መናገር አይችሉም። ጥሩምባም መንፋት አይችሉም። ሌላ ሕክምና አለ፣ ጨረርና መድኃኒት፤ ድምፅዎ ሊተርፍ ይችላል፣ ሐኪሟ ግን ትሰጋለች። ምርጫው የእርስዎ ነው። ይሄን ሁሉ ትናንት ነግራኛለች። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።»

የወረቀት ቆቡን ከራሳቸው አወለቁ። አራት ላይ አጠፉት። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሳምሶን።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«ውጣ።»

«አባዬ፣ ለአንተ ብዬ…»

«ውጣ አልኩህ!» ያ የተቀደደ ድምፅ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አልጋውን ልትገፋ የመጣችው ነርስ እንኳ ደነገጠች። ሳምሶን ወጣ። እኔ አመስግነው የሚያቅፉኝ መስሎኝ ነበር መሰለኝ፤ ሞኝ ነኝ። ዞሩብኝ።

«ትናንት ጀልባ ላይ ስንሄድ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«የሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሥራዬን ስነግርሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አንቺም ውጪ።»

ኮሪደሩ ላይ ሳምሶን ፊቴ ላይ ጣቱን ቀሰረ። «አባቴ ቢሞት በአንቺ ነው! ሰምተሻል? ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሐበሻ ሥራ ይሰጥሽ እንደሆን አያለሁ!» እንዳልመልስለት አፌን በእጄ ያዝኩ፤ በሕይወቴ መጀመሪያዬ መሰለኝ። ሄጄ ሊፍቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ንጹሕ ሰው ሆኜ ብናደድ ይቀለኝ ነበር። የተናደድኩት ግን በራሴም ነበር።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ነርሷ ጠራችኝ። ጋሽ ደጀኔ ኮታቸውን በጋዋኑ ላይ ደርበው ተቀምጠዋል። ሐኪሟም አለች፣ ሳምሶን መስኮቱ ጋ ቆሟል።

«ሌላ ሰው የለም ብለውኝ ነው የጠራሁሽ» አሉ። «ሦስት ጥያቄ አለኝ። እንዳለ አድርሺ፣ መልሱንም እንዳለ አምጪ።»

«እሺ።»

«አንድ ሳምንት ቢቆይ በሽታው ይብስብኛል?» ሐኪሟ ለሳምንት ችግር የለውም አለች።

«ምግብ በአፌ እበላለሁ?» ቁስሉ ሲድን ይበላሉ አለች።

«ለቅሶ ብደርስ ማልቀስ እችላለሁ?»

ሐኪሟ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ከዚያ እሳቸውን እያየች «እንባው ይወጣል። ድምፁ አይወጣም» አለች። እንዳለ ነገርኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይውጣ በያት። መኖር እፈልጋለሁ። ግን ሰኞ ይሁን። እሁድ የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ነው።»

አያችሁ? ሳምሶን የፈራው «እምቢ» አልመጣም። ሰውየው ሲነገራቸው ራሳቸው መረጡት።

እሁድ ከሰዓት፣ እዚህ መካኒሳ ረፋዱ ላይ፣ ሳምሶን ለእድሩ ሰብሳቢ ደወለ። ሰብሳቢው ስልኩን ማይክራፎኑ ላይ እንዲያስጠጋ ተነገረው። ጋሽ ደጀኔ ከአልጋቸው ወርደው ጫማቸውን አሰሩ፣ መስኮቱ ጋ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሳምሶን ስልኩን በሁለት እጁ ያዘላቸው።

«እድርተኞች! የእድራችሁ ለፋፊ የደጀኔ ወልዴ ድምፅ ነገ ሰኞ ጠዋት ባንኮክ ይወጣል። ደጀኔ አልሞተም፣ ድምፁ ነው። ድንኳን እንዳትጥሉ። ጥሩምባው ቤቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰው ምረጡ። ስትመርጡ የሚያሳጥር እንዳይሆን!»

እንደ ልማዳቸው ሁለተኛ ደገሙት። ከዚያ ማዶ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ሰዎቹ ብድግ ብለዋል። ሳምሶን ስልኩን እንደያዘ አለቀሰ። አባትየው ያን ጊዜ ነው እጃቸውን አንገቱ ላይ የጣሉት። እኔን ግን አላዩኝም።

ሰኞ ገቡ፣ በሰላም ወጡ። ሳምሶን የሠራሁበትን ሰጥቶ አሰናበተኝ፤ የዛተውንም ፈጸመው። በሁለት ወር ውስጥ ስልኬ መጮህ አቆመ። «ያቺ ልጅ ታማሚ ታስደነግጣለች» ተባለ። ኪራዩ ከበደኝ፣ ቪዛውም አለቀ፣ ሻንጣዬን ይዤ መካኒሳ ገባሁ።

እስቲ አሁን እናንተን ልጠይቅ። ማን ነው የሰውን ሞት ከሰውየው በፊት የመስማት መብት የሰጠን? ሳምሶን ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ክፉ ቢሆን ረግሜው እገላገል ነበር። አባቱን ይወዳል፣ ወድዶ ነው ሊሰርቃቸው የነበረው። እኔስ? ከጋሽ ደጀኔ በፊት ያሳጠርኩባቸው ሰዎች ፊታቸው ይመጣብኛል። አንዲት የፉሪ ሴት ነበረች፤ ሐኪሙ ጥቂት ወራት ቢቀራት ነው አለ፣ እኔ «ቫይታሚን ያስፈልግሻል አሉ» አልኳት። ያንን ቀን ገበያ ወስጄ ለሚቀጥለው ዓመት የልጇ ሠርግ የሚሆን ጨርቅ አስገዛኋት። ቢነገራት ሠርጉን ታፈጥነው ነበር። ልጇን ሙሽራ ሆና ታያት ነበር። ይሄን ማን ይመልስልኛል? ልቧ እንዳይሰበር ይሉኛል። ልቧን ማን አያት? እኛ የራሳችንን ልብ ነው የደበቅነው፣ ዓይኗን ማየት ፈርተን።

ስለዚህ ስትናደዱብኝ ተናደዱ። እኔ ብታመም ግን ንገሩኝ። ቤታችሁ የተኛ ሰው ካለ ደግሞ ይሄን አንብባችሁ ስትጨርሱ ገብታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።

ጋሽ ደጀኔ ሰፈር ውስጥ አሉ። አንገታቸው ላይ ስስ ሻሽ ያስራሉ። መንገድ ስንተላለፍ ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጉልኛል፣ ሌላ ምንም የለም። እድሩ የመረጠው ልጅ ሦስት ወር ነፍቶ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄደ። እና ባለፈው ወር አንድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። አባቴ ከፈተ። ጋሽ ደጀኔ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ጥሩምባው፣ በሌላው ወረቀት። ሁለቱንም ለኔ ዘረጉልኝ።

«እኔ?» አልኩ። «ሴት ስትለፍፍ የት ታይቶ…» ብሎ አባቴ ሳይጨርስ በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

ጥሩምባውን ነፋሁት፤ እንደታመመ በሬ ጮኸ። ጋሽ ደጀኔ ሳቁ፣ ያለ ድምፅ፣ ትከሻቸው ብቻ እየዘለለ። ከዚያ መንገዱ ጫፍ ድረስ ወሰዱኝ፣ ከሟቹ ቤት በጣም ርቆ፣ ከሩቅ ለመጀመር። ወረቀቱን ከፈትኩ። የሟቹ ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩ ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በዚያው በሚያምር የድሮ ጽሕፈት። ከታች አንዲት ቃል ለብቻዋ ተጽፋለች፦

«ሳታሳጥሪ።»